በማይንክራፍት ፈጣን የአስርዮሽ ካልኩሌተር አሠራር፦ ደረጃ በደረጃ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሬድስቶን (የማይንክራፍት ጨዋታ «ኤሌክትሪክ») የሚነካካ ልጅ የሚያነሳው ችግር አንድ ዓይነት ነው። «ካልኩሌተሩ 2 ሲደመር 3ን ያውቃል፣ ትልቅ ቁጥር ስሰጠው ይቃዣል።» ወይ ደግሞ «ይሠራል፣ ግን መልሱ እስኪመጣ ቡና ይፈላል።»

የሁለቱም ምንጭ ያው ነው። አብዛኛው ሰው ቁጥሩን ወደ ባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ ወደሚጻፍ ቁጥር) ይቀይራል፣ በቶርች ይደምራል፣ ከዚያ መልሶ ወደ አስርዮሽ ይቀይራል። ጊዜውን የሚበላው መደመሩ ሳይሆን ቅየራው ነው። ባይነሪውን ትቶ በቀጥታ በአስርዮሽ የሚሠራው ደግሞ «በእጅ» የሚያዘውን አንድ ከአሃዝ ወደ አሃዝ እየጠበቀ ይንቀራፈፋል።

እዚህ የምንሠራው ሁለቱንም አያደርግም። የሬድስቶን ኃይል ከ0 እስከ 15 ነው። የእኛ አሃዝ ከ0 እስከ 9 ነው። ስለዚህ አንድ አሃዝ በአንድ ገመድ ያልፋል፣ ቅየራ የሚባል ነገር የለም። በእጅ የሚያዘውን ደግሞ እያንዳንዱ አሃዝ ቀድሞ እንዲዘጋጅለት እናደርጋለን።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ጨዋታው። መመሪያው ለኮምፒውተሩ ጃቫ እትም ነው። ስልክ ላይ ባለው ቤድሮክም የኮምፓሬተሩ ስሌት ያው ነው። መጨረሻ አካባቢ ያለውን የፒስተን ክፍል ግን በስልክ አትሞክሩት።

ዓለሙ። ክሬቲቭ (እቃ የማያልቅበት)፣ ሱፐርፍላት (ሜዳ ብቻ የሆነ)። ተራራ እየቆፈራችሁ አትሠሩ።

እቃው። ኮምፓሬተር (ኃይል የሚለካና የሚቀንስ)፣ ሪፒተር (ኃይል የሚያድስ)፣ የሬድስቶን ዱቄት (ገመዱ)፣ ባሬል (የእቃ በርሜል)፣ ሌክተርን (የመጽሐፍ አትሮንስ)፣ ላባ ያለው መጻፊያ መጽሐፍ፣ የእንጨት አካፋ፣ የሬድስቶን ላምፕ፣ ተራ ድንጋይ።

መብራት። የእኛን መብራት ታውቋታላችሁ። አንድ ደረጃ በጨረሳችሁ ቁጥር ኢስኬፕ ተጫኑ። ለብቻ ስትጫወቱ ጨዋታው ቆሞ ያን ጊዜ ሴቭ ያደርጋል። ጌም ቤት የምትሠሩ ከሆነ የዓለሙን ፎልደር በፍላሽ ሳትይዙ አትውጡ። ነገ ያ ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

## አራት ሕጎች

እነዚህን ሳይይዝ ወደ ግንባታ የገባ ሰው ይሳሳታል።

1. ዱቄት በየብሎኩ 1 ኃይል ይጥላል። በሌላ ሥራ ይህ ምንም አይደለም። እዚህ ግን 7 ሁለት ብሎክ ከሄደ 5 ሆነ ማለት ነው፣ መልሳችሁ ተበላሸ። አሃዝ የሚሸከም ኃይል ማራቅ ካስፈለገ አንድ ዱቄት፣ አንድ ኮምፓሬተር፣ አንድ ዱቄት፣ አንድ ኮምፓሬተር እያላችሁ ሂዱ። ኮምፓሬተር የተቀበለውን ሳይቀንስ ያወጣል።

2. ሪፒተር አሃዝ ይገድላል። 1ም ይግባ 9፣ የሚያወጣው 15 ነው። «አለ ወይስ የለም» ለሚል ጥያቄ ብቻ ተጠቀሙበት።

3. የኮምፓሬተር ጎን መራጭ ነው። ኋላው ከባሬልም፣ ከሌክተርንም፣ ኃይል ካለው ድንጋይም ያነባል። ጎኑ ግን ባሬልም ሆነ ድንጋይ አያነብም። ወይ ዱቄት አጠገቡ ይኑር፣ ወይ ሌላ ኮምፓሬተር ወይም ሪፒተር ወደ እሱ ዞሮ ይግባ። በሁለቱም ጎን ኃይል ከመጣ ትልቁን ይወስዳል።

4. የመቀነሻ ሞድ። ኮምፓሬተሩን ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ከፊት ያለችው ብቸኛ ትንሽ ቶርች ትበራለች። ያን ጊዜ ከኋላ የመጣውን ይዞ ከጎን የመጣውን ይቀንሳል። ከ0 በታች አይወርድም። «ቀናሽ» ስል ይህን ሞድ ነው፣ «አሳላፊ» ስል ቶርቿ የጠፋችበትን።

ስታስቀምጡት ፊቱ እናንተ የምታዩበት አቅጣጫ ነው። አንድ ኮምፓሬተር ወይም ሪፒተር የ0.1 ሰከንድ መዘግየት አለው። ዱቄት መዘግየት የለውም።

## ደረጃ 1፦ ቋሚ ቁጥር የሚሰጡ ባሬሎች

ሥራው ሁሉ በ9 እና በ1 ላይ የተመሠረተ ነው። እነሱን የሚሰጠን ባሬል ነው። ኮምፓሬተር ባሬሉ ምን ያህል እንደሞላ ያነባል።

ድንጋይ በቁልል መቁጠር ራስ ምታት ነው። የማይደራረብ ነገር ጨምሩበት፤ የእንጨት አካፋ ጥሩ ነው። ለ1 ኃይል 1 አካፋ። ከ2 እስከ 14 ከቁጥሩ 1 ቀንሱና በ2 አብዙት። ለ2 ኃይል 2፣ ለ5 ኃይል 8፣ ለ9 ኃይል 16 አካፋ።

1. ባለ 16 አካፋ ባሬል ሥሩ። ይህ «ባሬል 9» ነው።
2. ባለ 1 አካፋ ባሬል ሥሩ። ይህ «ባሬል 1» ነው።
3. ከኋላቸው አሳላፊ ኮምፓሬተር አድርጉ፣ ከፊቱ አንድ ዱቄት። ኤፍ 3 ተጭናችሁ ዱቄቱን ተመልከቱ። በቀኝ በኩል ከሚዘረዘረው ውስጥ የኃይሉ ቁጥር አለ። 9 እና 1 ካላያችሁ አካፋ ቁጠሩ።
4. በክሬቲቭ መሃል ክሊክ ከኮንትሮል ጋር ተጭናችሁ ባሬሉን ከነይዘቱ ቅዱት። ለእያንዳንዱ አሃዝ 2 ባሬል 9 እና 3 ባሬል 1 ያስፈልጋል።

## ደረጃ 2፦ ቁጥር ማስገቢያ

አሥር አሥር ቁልፍ መደርደር አያስፈልግም። ሌክተርን ላይ ያለ ባለ 15 ገጽ መጽሐፍ የተከፈተውን ገጽ ቁጥር በኃይል ይሰጣል። ገጽ 1 ላይ 1፣ ገጽ 10 ላይ 10።

1. በመጽሐፉ ገጽ 1 ላይ 0 ጻፉ፣ ገጽ 2 ላይ 1፣ እንዲህ እያላችሁ ገጽ 10 ላይ 9። በግእዝ ቁጥር ላድርገው የሚል ካለ ለዜሮዋ ሌላ ዘዴ ይፈልግ፣ ግእዝ ዜሮ የለውም።
2. ገጽ 15 ላይ ነጥብ ጻፉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ጨዋታው መጽሐፉን ሲያስቀምጥ ከመጨረሻ ያሉትን ባዶ ገጾች ይጥላቸዋል። መጽሐፉ ባለ 10 ገጽ ይሆንና ኃይሉ እየዘለለ ይመጣል።
3. መጽሐፉን ሌክተርኑ ላይ አድርጉ። አሳላፊ ኮምፓሬተር ከሌክተርኑ እንዲያነብ አስቀምጡ። ከፊቱ ሁለት ዱቄት በቀጥታ መስመር።

ሁለተኛው ዱቄት ለምን? ገጹ ሁልጊዜ ከጻፍነው አሃዝ በ1 ይበልጣል። ሁለተኛው ዱቄት ያችን 1 ይጥላታል። ያስቸገረን ሕግ እዚህ በነጻ ሠራልን።

ማስጠንቀቂያ፦ ሌክተርን ገጽ ሲገለጥ በዙሪያው ለቅጽበት 15 ኃይል ይለቃል። ከኮምፓሬተሩ በስተቀር ሌላ የሬድስቶን መስመር አታስጠጉት፣ ከሥሩም አታሳልፉ።

## ደረጃ 3፦ ልቡ

ትምህርት ቤት ቁጥር ላይና ታች ጽፈን እንደምር ነበር። እዚህም አንዱን «ላይኛው»፣ ሌላውን «ታችኛው» እንበል።

ኮምፓሬተር መቀነስ እንጂ መደመር አያውቅም። ስለዚህ «ስንት ሆነ?» ብለን አንጠይቀውም። «9 ለመሙላት ስንት ጎደለ? ከ9 ስንት ተረፈ?» እንለዋለን።

- ክፍት = 9 − ላይኛው
- ጉድለት = ክፍት − ታችኛው
- ትርፍ = ታችኛው − ክፍት

ሦስት ቀናሽ ኮምፓሬተር ብቻ ነው። ጉድለት ካለ ድምሩ ከ9 በታች ነው። ትርፍ ካለ 10 ወይም ከዚያ በላይ። ሁለቱም 0 ከሆኑ ድምሩ ልክ 9 ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ያዟት፣ ፍጥነቱ የሚመጣው ከእሷ ነው።

አቀማመጡ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲነበብ፦

- ሰሜን ረድፍ፦ ባዶ፣ የላይኛው ዱቄት፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ
- መሃል ረድፍ፦ ባሬል 9፣ ኮምፓሬተር «ሀ»፣ ዱቄት፣ ኮምፓሬተር «ለ»፣ ዱቄት
- ደቡብ ረድፍ፦ ዱቄት፣ ድንጋይ፣ ኮምፓሬተር «ሐ»፣ የታችኛው ዱቄት፣ ባዶ

በቅደም ተከተል፦

1. ባሬል 9ን አስቀምጡ። ወደ ምሥራቅ እያያችሁ ከፊቱ «ሀ»ን አድርጉ። ቀናሽ።
2. ከ«ሀ» ፊት አንድ ዱቄት። ይህ ክፍት ነው።
3. ከዱቄቱ ቀጥሎ «ለ»፣ ወደ ምሥራቅ፣ ቀናሽ። ከፊቱ አንድ ዱቄት። ይህ ጉድለት ነው።
4. ከክፍት ዱቄት ደቡብ «ሐ»ን አስቀምጡ። ወደ ምዕራብ ይዙር። ቀናሽ።
5. ከ«ሐ» ፊት ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ምዕራብ ዱቄት። ይህ ዱቄት ትርፍ ነው።
6. ከ«ሐ» ኋላ፣ ማለትም ከ«ለ» ደቡብ፣ አንድ ዱቄት። ይህ የታችኛው ነው። ለ«ሐ» ኋላ፣ ለ«ለ» ጎን ሆኖ ሁለቱንም በአንዴ ያገለግላል።
7. የላይኛውን ሌክተርን ከሰሜን አምጡ። ሁለተኛው ዱቄቱ ከ«ሀ» ሰሜን ይረፍ።
8. የታችኛውን ሌክተርን ከደቡብ አምጡ። ሁለተኛው ዱቄቱ ሲያበቃ አንድ ተጨማሪ አሳላፊ ኮምፓሬተር ጨምሩና እሱ ወደ ታችኛው ዱቄት ይግባ።

በቁጥር 8 ያለውን ኮምፓሬተር «ምን ይሠራል» ብሎ የሚያነሳው አለ። ክፍት ለመድረስ በ«ሀ» በኩል 0.1 ሰከንድ ይዘገያል። ታችኛው ቀድሞ ከደረሰ «ሐ» ለቅጽበት የውሸት ትርፍ ያወጣል፣ የውሸት በእጅ እስከ ግራ ጫፉ አሃዝ ይሮጣል። ሁለቱ እኩል ይድረሱ።

ድንጋዩንም በዱቄት አትተኩ። ዱቄት ከሆነ «ሀ» በደቡብ ጎኑ ያነበዋል። ትርፍ ክፍትን ይቀንሳል፣ ክፍት ሲቀንስ ትርፍ ይጨምራል፣ እርስ በርስ ተያይዘው ይቀራሉ። ታችኛው 9 ከሆነ ላይኛውን ወደ 0 ብትመልሱትም አይለቁም።

ፈትሹ። ሳትፈትሹ አትለፉ፦

- ላይኛው 3፣ ታችኛው 4፦ ጉድለት 2፣ ትርፍ 0
- ላይኛው 4፣ ታችኛው 5፦ ጉድለት 0፣ ትርፍ 0
- ላይኛው 7፣ ታችኛው 8፦ ጉድለት 0፣ ትርፍ 6
- ላይኛው 9፣ ታችኛው 9፣ ከዚያ ሁለቱንም ወደ 0፦ ጉድለት 9፣ ትርፍ 0

## ደረጃ 4፦ በእጅ

የእያንዳንዱ አሃዝ ጠባይ አሁን ታውቋል። ትርፍ ያለው አሃዝ ከቀኝ ምንም ይምጣ ምን፣ ወደ ግራ 1 ይልካል። ጉድለት ያለው ከቀኝ የመጣውን እዚያው ያስቀረዋል። ልክ 9 የሆነው ብቻ የመጣለትን ያሳልፋል። ይህን ሁሉም አሃዝ በአንድ ጊዜ፣ ማንንም ሳይጠብቅ ይወስናል። የሚቀረው በእጁ ራሱ በተዘጋጀለት መንገድ መሮጥ ነው።

1. በአሃዙ ግራ በኩል የ«ሂያጅ» ዱቄት መስመር ዘርጉ። በቀኝ በኩል የ«መጪ» ዱቄት መስመር።
2. ከትርፍ ዱቄት ሪፒተር አውጡና ወደ ሂያጅ አስገቡት።
3. በመጪና በሂያጅ መሃል ቀናሽ ኮምፓሬተር «መ»ን አድርጉ። ኋላው መጪ፣ ፊቱ ሂያጅ።
4. ከጉድለት ዱቄት በሰሜን በኩል ሪፒተር አውጡ። መጨረሻው ላይ ሌላ ሪፒተር በቀጥታ ወደ «መ» ጎን ይግባ። ጉድለት ካለ 15 ይቀንስበታል፣ መጪው እዚያው ይሞታል።

በሰሜን በኩል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በደቡብ ካወጣችሁት መስመሩ የታችኛውን አሳላፊ ኮምፓሬተር ጎን ይነካል፣ ታችኛው ቁጥር ይዘጋል።

አንድ አሃዝ ወደ 10 ብሎክ ስፋት ይይዛል። ዱቄት ከ15 ብሎክ በላይ አይሄድም። ስለዚህ በየአሃዙ መሃል ሂያጅ ላይ አንድ ሪፒተር ጣል አድርጉ። በእጅ አሃዝ ስላልሆነ ሪፒተር አይጎዳውም።

## ደረጃ 5፦ የመልሱ አሃዝ

ብዙ ሰው የሚጠፋበት እዚህ ነው። አብሽሩ፣ ስሌቱ አጭር ነው።

- ትርፍ ካለ፦ በእጅ ከመጣ መልሱ ራሱ ትርፉ ነው። ካልመጣ ትርፉ ሲቀነስ 1።
- ጉድለት ካለ፦ በእጅ ከመጣ ከጉድለቱ 1 ይቀነስ። ከዚያ 9 ሲቀነስ ጉድለቱ።
- ልክ 9 ከሆነና በእጅ ከመጣ፦ መልሱ 0።

መጀመሪያ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ሥሩ።

1. «የለም»፦ ከኋላው ባሬል 1፣ ከጎኑ መጪ፣ ቀናሽ። በእጅ ካልመጣ 1፣ ከመጣ 0 ያወጣል። ሁለት ለየብቻ ሥሩ።
2. «አለ»፦ ከኋላው ባሬል 1፣ ከጎኑ ሁለተኛው «የለም»፣ ቀናሽ። በእጅ ከመጣ 1 ያወጣል።

የእነዚህ ኃይል 1 ብቻ ነው። ከአንድ ዱቄት በላይ አይራመድም፣ በሁለተኛው ላይ 0 ነው። በቀጥታ ኮምፓሬተሩ ራሱ ወደ ሚፈለገው ጎን ይዙር።

ቀጥሎ ሦስቱ የመልስ ኮምፓሬተሮች፣ ሁሉም ቀናሽ፦

3. «ቅናሽ»፦ ኋላው ጉድለት፣ ጎኑ «አለ»።
4. «ከጉድለት»፦ ኋላው ባሬል 9። በምዕራብ ጎኑ «ቅናሽ» በቀጥታ ይግባበት። በምሥራቅ ጎኑ ከሂያጅ የመጣ ሪፒተር ይግባበት።
5. «ከትርፍ»፦ ኋላው ትርፍ፣ ጎኑ አንደኛው «የለም»።
6. የ«ከጉድለት» እና የ«ከትርፍ» ፊት አንድ ዱቄት ላይ ይገናኙ። መልሱ ያ ዱቄት ነው።

በቁጥር 4 ያለው ሪፒተር የ«ከጉድለት» እና የ«ከትርፍ» መልሶች እንዳይጋጩ ያደርጋል። አሃዙ ወደ ግራ 1 ከላከ «ከጉድለት» ዝም ማለት አለበት፣ አለዚያ 9 እያወጣ ትክክለኛውን ይሸፍናል። ሂያጁን በዱቄት ብቻ ካገናኛችሁት በመንገድ ደክሞ 6 ወይም 7 ሆኖ ሊደርስ ይችላል። 9 ሲቀነስ 6፣ 3 ያወጣላችኋል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ 3 ወይም 2 ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ሪፒተር ፈልጉ።

ትርፍ ከምዕራብ ጫፍ እስከ «ከትርፍ» መሄድ አለበት። ሕግ 1ን አስታውሱ፣ በየሁለት ብሎኩ አሳላፊ። በእጅ እስኪመጣ መጠበቁ ስለማይቀር ይህ መንገድ አያዘገያችሁም።

## ደረጃ 6፦ አሃዞቹን ማጋጠምና መፈተን

1. አንዱ አሃዝ ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ ሁለተኛውን አትጀምሩ።
2. የሠራውን ቅዱ። ስትራክቸር ብሎክ የማታውቁ ከሆነ ክሎን የሚለው ትእዛዝ ይበቃል። ባሬሉ ከነአካፋው፣ ሌክተርኑ ከነመጽሐፉ ይቀዳል።
3. የመቶ ቤት በግራ፣ የአንድ ቤት በቀኝ። የቀኙ ሂያጅ የግራው መጪ ይሁን።
4. የአንድ ቤት መጪ ባዶ ይቅር፣ ሌቨር ብቻ አድርጉበት። አሁን ይጥፋ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ለፈተና ከቤታችን የተሻለ ቁጥር የለም። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 376 ኪሎ ሜትር፣ ከኮምቦልቻ ደሴ 25። ላይ 376፣ ታች 025 አስገቡ። ይህ ድምር ሦስቱንም ጠባይ በአንዴ ይነካል፦

- የአንድ ቤት፣ 6 እና 5፦ ክፍት 3፣ ጉድለት 0፣ ትርፍ 2። በእጅ አልመጣም፣ 2 ሲቀነስ 1፣ መልስ 1። ወደ ግራ 1 ይልካል።
- የአሥር ቤት፣ 7 እና 2፦ ክፍት 2፣ ጉድለት 0፣ ትርፍ 0። ልክ 9 ነው። የመጣውን ያሳልፋል፣ እሱ ራሱ 0 ይሆናል።
- የመቶ ቤት፣ 3 እና 0፦ ክፍት 6፣ ጉድለት 6። በእጅ መጥቷል፣ 6 ሲቀነስ 1፣ 5። 9 ሲቀነስ 5፣ መልስ 4። ከዚህ ወዲያ አያልፍም።

401። የደሴን መንገድ የሚያውቅ ያረጋግጣል።

ቀጥሎ 999 እና 001 ሞክሩ። በእጁ ከቀኝ ጫፍ እስከ ግራ ጫፍ ስለሚሮጥ ከሁሉ የዘገየው ድምር ይህ ነው። አራት አሃዝ ብታደርጉትም አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላም።

## ደረጃ 7፦ ማሳያ

1. ከመልሱ ዱቄት ቀጥሎ 9 ላምፕ በቀጥታ መስመር መሬት ውስጥ ቅበሩ። ከራሱ ከመልሱ ዱቄት ሥር ግን ድንጋይ ይሁን፣ ዱቄት ኃይል የሰጠው ብሎክ ቀጥሎ ያለውን ላምፕም ያበራልና።
2. በሁሉም ላይ ዱቄት ዘርጉ።
3. አጠገባቸው ከ1 እስከ 9 በሳይን ጻፉ።

ዱቄት በየብሎኩ 1 ስለሚጥል መልሱ 4 ከሆነ 4 ላምፕ ይበራል። የመጨረሻው የበራው መልሱ ነው። ምንም ካልበራ 0።

ባለ ሰባት ክፍል ዲጂታል ማሳያ ያምራል፣ አልክድም። ግን በየአሃዙ ከደማሪው የሚበልጥ ሽቦ ይጠይቃል፣ ሲበላሽም ጥፋቱ ከደማሪው ይሁን ከማሳያው መለየት ያቅታል። መጀመሪያ በላምፑ አስተማምኑት፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ አስጊጡት።

## ሲበላሽ

መልሱ ሁልጊዜ በ1 ያንሳል ወይም በ1 ይበልጣል። የሆነ ቦታ ዱቄት ተርፏል ወይም ጎድሏል። ከሌክተርኑ በኋላ ልክ ሁለት መሆናቸውን እዩ። ከዚያ በኤፍ 3 እያንዳንዱን ዱቄት ተከተሉ።

እስከ 1 ትክክል ነው፣ ከዚያ ይዘላል። መጽሐፉ 15 ገጽ የለውም። ገጽ 15 ላይ ነጥቧ አለች?

መልሱ አልወርድ አለ። ከ«ሐ» ፊት ድንጋይ ሳይሆን ዱቄት አለ። 

9 ብቻ ያሳያል። ከ«ከጉድለት» ጎን ያለው «ቅናሽ» አልገባም፣ ወይም ቶርቹ ጠፍቶ አሳላፊ ሆኗል።

በእጅ ሲመጣ አንዱ አሃዝ አይጨምርም። «አለ» ከመድረሱ በፊት ዱቄት ላይ ሞቷል።

መልሱ ብልጭ ድርግም ይልና ይስተካከላል። ከታችኛው መስመር ያ ተጨማሪ አሳላፊ ቀርቷል። ከተስተካከለ በኋላ ያለው መልስ ትክክል ስለሆነ ብዙም አትጨነቁ፣ ግን አስገቡት።

ምክንያቱ ጭራሽ አልታይ ካለ ከ1.20.3 ወዲህ ባሉት የጃቫ እትሞች ጊዜን የሚያቆመውን «ቲክ ፍሪዝ» የሚባለውን ትእዛዝ ስጡ። ከዚያ በ«ቲክ ስቴፕ» አንድ አንድ እርምጃ አስኪዱት። ሁለት እርምጃ የአንድ ኮምፓሬተር መዘግየት ነው። ኃይሉ የት እንደሚሳሳት ቆማችሁ ታያላችሁ።

## የበለጠ ፍጥነት ለሚፈልግ

8 አሃዝና ከዚያ በላይ ከሠራችሁ የ«መ» እና የሪፒተሩ መዘግየት መሰማት ይጀምራል። «መ»ን አውጡና መጪን ከሂያጅ ደረጃ በሚወጣ ዱቄት አገናኙ፤ አንዱ ዱቄት ታች፣ ቀጣዩ አንድ ብሎክ ከፍ ብሎ። ከታችኛው ዱቄት በላይ ድንጋይ ሲገባ ግንኙነቱ ይቆረጣል። ድንጋዩን የሚገፋ ተጣባቂ ፒስተን አድርጉ።

ፒስተኑን ጉድለትም ትርፍም ይግፉት። ለጉድለት ብቻ ካደረጋችሁት ትርፍ ያለው አሃዝ የላከው 1 ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ይፈሳል። መንገዱ የሚከፈተው ድምሩ ልክ 9 ሲሆን ብቻ ነው። ፒስተኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀሱ በእጁ በዱቄት ላይ ያለ መዘግየት ያልፋል። ዱቄቱ ግን ያው 15 ብሎክ ነው የሚችለው፣ ስለዚህ አሃዞቹን ጎን ለጎን ሳይሆን ፎቅ በፎቅ ካደራረባችሁ ነው የሚያዋጣው።

## መቀነስ

ሌላ ማሽን አያስፈልግም። በየአሃዙ ታችኛው ሌክተርን መስመር ላይ አንድ ቀናሽ ጨምሩ፦ ኋላው ባሬል 9፣ ጎኑ ታችኛው። ወደ ልቡ የሚገባው አሁን 9 ሲቀነስ ታችኛው ነው። ከዚያ በአንድ ቤት መጪ ላይ ያስቀመጥነውን ሌቨር አብሩ።

401 ሲቀነስ 025 ስትጠይቁት በውስጥ የሚሠራው 401 ሲደመር 974 ሲደመር 1 ነው፣ 1376። በግራ የወጣችውን 1 ላምፕ ላይ አታድርጓት፣ ለምልክት ትሁን። ከወጣች መልሱ እንዳለ ይነበባል። ካልወጣች ከትንሽ ቁጥር ላይ ትልቅ ቀንሳችኋል ማለት ነው፣ ስለዚህ የላይኛውንና የታችኛውን አቀያይሩና መልሱን በመቀነስ ምልክት አንብቡት።